ቁጥር ሰባት መግባት ይፈልጋል

ወንድሜ ከሞተ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ጥጓን ይዛ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለችና የወንድሜ ኮምፒውተር ወደ እኔ ኮምፒውተር መግባት እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ልፍቀድ ወይስ ልከልክል ብላም ጠየቀችኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር። የማሽኑ ስም የወንድሜ ስም፣ የማሽኑ ቁጥር ሰባት።

እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁ። ምንም አልነካሁም። መስኮቷ ትንሽ ጠበቀችና ብቻዋን ጠፋች። ደጅ ጉም ወርዶ ነበር፤ ሮቤ ላይ በዚያ ወቅት ከቀትር በኋላ ጉሙ ከጎባ በኩል ይመጣና ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቤት ሁሉ ይሸፍነዋል። እናቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ለራሷ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ማንጎራጎር ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው።

በዚያን ጊዜ ሮቤ ውስጥ ኢንተርኔት መኖሪያ ቤቱ ድረስ ያስገባ ሰው በጣት ይቆጠራል። እኛ ያስገባነው ሀብታም ሆነን ሳይሆን ወንድሜ እብድ ስለነበረ ነው። ጎባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲፈታ ውሎ ቤት ሲገባ ደግሞ የራሱን ሽቦ ይፈታል። ሞደሙን ከኋላ ባለው የሱ ክፍል ውስጥ፣ በጓሮው በኩል ካለው መስኮት ሥር አስቀመጠው። እኔ ቤት ተቀምጬ ጽሑፍ እተይባለሁ፤ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ካርድ፣ ለወረዳ የሚገባ አቤቱታ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ስለዚህ የእኔን ኮምፒውተርና የሱን ላፕቶፕ አገናኛቸው። የሱ ላፕቶፕ በተከፈተ ቁጥር እኔ ጋ ያለውን የጋራ ፎልደር ፈልጎ ራሱ ይገባ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ቁጥር ሰጥቶት ነበር። ሞደሙ አንድ ነው። የእኔ ኮምፒውተር አምስት ነው። የሱ ሰባት።

«ስድስትስ?» ስለው፣ «ስድስትን ለባልሽ ትቼለታለሁ፤ ላፕቶፕ ያለው ካገኘሽ» አለኝ።

ፋየርዎል ምን እንደሆነ ያስረዳኝም እሱ ነው። «ዘበኛ ነው» አለኝ። «የሚያውቀውን ያስገባል። ክፉ መሆኑን ያወቀውን ይመልሳል። ያልገባው ሲመጣ ደግሞ አንቺን ይጠይቅሻል። ሲጠይቅሽ አንብቢ እንጂ እንደ ዝንብ እሽ አትበዪው።» እኔ ግን እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ አንዱንም አላነበብኩም። እሱ እያለ ምን አስነበበኝ?

ደሎ መና ለሥራ ደርሶ ሲመለስ ሳነቴ ተራራ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

እናቴ ከዚያ በኋላ መብላት ተወች። ጎባ ሆስፒታል ወስደናት ሐኪሙ ደም ግፊቷን ለክቶ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና፣ «እንዳትደነግጥ፣ ከመደንገጥ ጠብቋት» አለኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ጠባቂዋ እኔ ብቻ ነኝ። አራት ወር ሙሉ በማንኪያ ስለምናት ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ገንፎ፣ ከዚያ ጎመን፣ ከዚያ ደግሞ ያ ማንጎራጎር መጣ። ልጠብቅላት የነበረብኝ ይህንን ነው። እናቴ የምታነበው አረብኛ ብቻ ቢሆንም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ዲፕሎማ የተነሣ የልጇን ስም በላቲን ፊደል ለይታ ታውቀዋለች። ያንን ስም እኔ ስክሪን ላይ ሲንቀሳቀስ ካየች ምን እንደምትሆን አላውቅም ነበር። ለማወቅም አልፈለግሁም።

ረቡዕም በዚያው ሰዓት መጣ። ሐሙስም መጣ። አርብ ቀደም ብሎ፣ ሰዎች ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው ምሳ እንደበሉ መጣ። እዚህ ላይ ነው ጀርባዬን የበረደኝ። ወንድሜ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ሥራ አይመለስም ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ላፕቶፑ ሳጥን ውስጥ ነው። ከቀብሩ በኋላ እናቴ ልብሶቹን በመስጊድ ቁርኣን ለሚማሩ ደረሶች ሰጠችና የቀረውን ዕቃ በእንጨት ሳጥን አድርጋ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች። ፎቶ ልፈልግበት ብዬ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ስጠይቃት፣ «የሱን ዕቃ እንዳትነኪ!» ብላ የጮኸችብኝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም። እንግዲህ ባትሪው ካለቀ ወራት ያለፈው፣ ተቆልፎበት ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ነው በየቀኑ ልግባ የሚለኝ።

ሰው ሲፈራ ወይ ይጸልያል ወይ ያጠናል። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። የፋየርዎሉን መዝገብ ከፍቼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ፤ ለካ ቀኑን ሙሉ ከማላውቃቸው አገሮች በራችን ይነካካል። በየደቂቃው አንድ የማላውቀው ቁጥር ይመጣል፣ ይሞክራል፣ ይባረራል። ሳነብ ስውል ግን ነገሩ ገባኝ። እነዚህ እኔን ፈልገው የመጡ አይደሉም። በመንገዱ ላይ ያለውን በር ሁሉ እየገፉ የሚያልፉ ናቸው፤ ዘበኛውም እኔን ሳይጠይቅ ይመልሳቸዋል። የሚያስፈራው እነሱ አይደሉም። በአንድ መቶ ዘጠና ሁለት ጀምሮ በሰባት የሚያልቀው ቁጥር ግን ወንድሜ የሰጠው የቤት ቁጥር ነው። እሱ ከውጭ አይመጣም። ያንን ቁጥር ይዞ የሚጠይቅ፣ ከሞደሙ ጋር ተዋውቆ፣ ፓስወርዱን ተናግሮ፣ ግቢው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚጠይቅ ነው።

ቁጥር ሰባት ከውስጥ ነበር የሚጠይቀኝ።

ለምን አሁን ብቻ ብዬም አሰብኩ። መልሱን ሳገኘው ባላገኘሁት ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ሳምንት አንዱ ተማሪ በፍላሽ ቫይረስ አምጥቶብኝ የወንድሜ ጓደኛ ኮምፒውተሬን አጥቦ አዲስ ፋየርዎል ጫነልኝ። የድሮው ዘበኛ ወንድሜን ያውቀዋል፤ ራሱ ነው የጫነው። አዲሱ አያውቀውም። ስለዚህ ጠየቀኝ። ታዲያ ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት፣ እኔ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሠርግ ካርድ ስተይብ፣ ማንም ሳይጠይቀው ይገባና ይወጣ ነበር ማለት ነው?

ይህንን ካሰብኩ በኋላ ሥራ እምቢ አለኝ።

በጅን አላምንም የምል ሰው አይደለሁም። ቁርኣን ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ አላምንም ብዬ ማን ልባል? ነገር ግን ቁጥር ያለው፣ ፓስወርድ የሚያውቅ፣ የሥራ ሰዓት የሚያከብር ጅን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ እያልኩ በራሴ እስቃለሁ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ግን ሳቁ ይጠፋል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቆርጬ ተነሣሁና ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የሞደሙ መብራቶች ረጋ ብለው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቁልፉን አየሁት፤ አልተነካም። መዳፌን ክዳኑ ላይ አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ ከሳሎን የኮምፒውተሬ ድምፅ ቲንግ ሲል ሰማሁ። በዚያችው ቅጽበት የሞደሙ መብራት ሩጫ ጀመረ፤ እንደዚያ የሚሮጠው አንድ ሰው ሲጠቀምበት ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ሳጥኑም ያው ሳጥን ነው፤ አልሞቀም፣ አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሞደሙ አስቸግሮኝ ነው እማ» አልኳት።

ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሳጥኑን አየች። «ውጪ» አለችኝ በመጨረሻ፤ ድምጿ የቁጣ አልነበረም፤ የፍርሃት ነበር። እሷም የሆነ ነገር አይታለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አብሬያት ብፈራ ደስ ባለኝ። ግን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

ጎባ ወዳለው የወንድሜ ጓደኛ ደወልኩ። ነገሩን ስጀምርለት አቋረጠኝ፤ «በስልክ አይሆንም፣ እመጣለሁ» አለ። ያኔ ሰው ሁሉ ስልኩን ይፈራ ነበር። እኔም ራሴ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የሰፈራችንን የአንድ ለአምስት ሰብሳቢ ነው፤ ቤታችሁ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ማለት የማይሰለቸው ሰው ነበር። ጓደኛው ሲመጣ ይህንኑ ነገርኩት።

«አይ» አለ መዝገቡን እያየ። «የሚሰልል ሰው ስሙን ተናግሮ ልግባ ብሎ ፈቃድ አይጠይቅም።»

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። የማሽን ስም ማንም ሊቀይረው ይችላል አለኝ። ቁጥርም ሊወሰድ ይችላል። ማሽኑ ሲሠራ አብሮት የተሰጠው ሌላ ረጅም ቁጥር ግን አለ፣ እሱን በዋዛ መዋሸት አይቻልም፣ ፋብሪካው ካርቶኑ ላይ ይለጥፈዋል አለ። ካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር፤ እናቴ የክረምት ብርድ ልብስ አስቀምጣበታለች። አውርጄ ሰጠሁት። እሱ ከካርቶኑ እያነበበ እኔ ከስክሪኑ እከተላለሁ። አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር። እስከ መጨረሻው ገጠመ።

«እሱ ራሱ ነው» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ማሽኑን ማለቴ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«የት ነው ያለው?»

ወደ ክፍሉ ወሰድኩትና ሳጥኑን አሳየሁት። አጎንብሶ ቁልፉን ነካ ነካ አደረገው። «ባትሪው አምስት ወር አይቆይም» አለ ለራሱ። «ክፈቺውና እንየው።» ቁልፉ እናቴ ጋ መሆኑን፣ እሷም እንደማትሰጠኝ ነገርኩት። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ሻዩን ሳይጨርስ ጫማውን አጠለቀ። በሩ ላይ ሆኖ፣ «እንግዲህ ከልክዪው። ካልሆነ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሪው፤ ምንም ይሁን ምን ከዚያ በኋላ አይገባም። ቢስሚላህ ብለሽ ነው ታዲያ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ማሽን የሚፈታ፣ በምንም የማያምን የሚመስለኝ ሰው ነበር።

አልከለከልኩም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከፈራሁት ይልቅ ናፍቄው ነበር። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሥራዬን አቆምና ስክሪኑን እጠብቃለሁ። ስሙ ብቅ ይላል፣ ለትንሽ ጊዜ ይቆያል፣ ይጠፋል። ፍቀድም አልልም፣ ከልክልም አልልም። ወንድሜ መጣ፣ ወንድሜ ሄደ። በቀን አንድ ጊዜ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት እናቴ የተጠበሰ በቆሎ ፈልፍላ በሳህን ይዛልኝ መጣችና ከኋላዬ ቆመች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም፤ ፊቷ እየሳቀ ነው የመጣችው። በቆሎውን ልታጎርሰኝ ስትል መስኮቷ ብቅ አለች። የስክሪኑን ማጥፊያ በእጄ ጫንኩት። ክንዴ ሳህኑን መታው፤ በቆሎው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች።

«መብራቱ ነው» አልኩ። መብራቱ ግን አልጠፋም ነበር፤ አምፖሉ ራሳችን ላይ እየበራ ነው። አየችው። አጎንብሳ በቆሎዋን ለቀመች።

በማግስቱ ጨረስኩት። መስኮቷ እንደመጣች «ሁልጊዜ ከልክል» የሚለውን ነካሁ። አልበቃኝም፤ ወደ ሞደሙ ገብቼ ስመለከት ቁጥር ሰባት አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ወደ እኔ ኮምፒውተር መግባት ተከለከለ እንጂ ቤት ውስጥ ነው። ፓስወርዱን ቀየርኩት። ገጹን እንደገና ስከፍተው ሞደሙ፣ እኔ፣ የእኔ ስልክ ብቻ ቀረን። ሰባት የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ወንድሜን በገዛ እጄ ከቤት አውጥቼ በሩን የዘጋሁበት መሰለኝና ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ከዚያ አራት ቀን ጸጥ አለ። አሥር ሰዓት ይመጣል፣ ያልፋል።

እሑድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከእኛ አጥር በስተጀርባ ካለው ግቢ ክፍል የተከራየች ልጅ ነበረች፤ አገሯ ብድሬ ነው፣ ጎባ ነርስነት ትማራለች፣ በየቀኑ በሚኒባስ ትመላለሳለች፤ አርብ ከጁምዓ በኋላ ክፍል የላትም። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ደረቷ ላይ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዮ» አለች እናቴን። እኛ አገር ታላቅ ሴትን እንዲህ ነው የምንጠራው፤ እናት እንደማለት ነው። «አከም ጂርቱ? ደህና ነዎት?»

እናቴ ልጅቷንም የያዘችውንም ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔን በዓይኗ ከቤት ልታስወጣኝ ሞከረች። አልወጣሁም።

«አዮ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህንን ልመልስ ነው የመጣሁት።» ሻርፑን ፈታችው። የወንድሜ ላፕቶፕ ነበር። ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት አውቀዋለሁ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«አልተበላሸም። ኢንተርኔቱ ሄደ እንጂ። ሲሰጡኝ ኢንተርኔቱም አብሮ ውስጡ ነበር፤ በከፈትኩት ቁጥር ራሱ ይመጣል፣ ትምህርቴን ሁሉ በሱ ነው የማነበው። ባለፈው ማክሰኞ ሄደና ቀረ። ባለቤቱ ቅር ብሎት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። የሙት ዕቃ ነው አዮ፤ እሱ ካልወደደ እኔ መያዝ አልችልም። ፎቶዎቹን አልነካሁም፣ ጽሑፎቹንም አልነካሁም። እንዳለ ነው።»

ልጅቷ በሕይወቷ ሌላ ኮምፒውተር ኖሯት አያውቅም። ኢንተርኔት ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚሰጥ፣ ሰጪው ሲቀየም ደግሞ የሚወስደው ነገር መስሏታል። ለካ ከጓሮው መስኮት ሥር ያለው የሞደማችን ዋይፋይ አጥሩን ተሻግሮ ይደርሳት ነበር፤ ላፕቶፑም ፓስወርዱን ያስታውሳል። አልሳቅኩባትም። ከሷ የተሻለ አውቃለሁ የምለው እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳጥን ሳዳምጥ ነበር የቆየሁት።

እናቴ ተቀመጠች። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች ተሰናብታ ስትወጣም ቀና አላለችም።

«አልተቀበለውም» አለች ብቻችንን ስንቀር። «ረቢ አልተቀበለኝም፤ አላህ ሰደቃዬን መለሰብኝ።»

ነገሩ ሁሉ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ ሰደቃ ስትሰጥ አታወራም፤ የተወራ ሰደቃ አጅሩ፣ ምንዳው ይጎድላል ብላ ስለምታምን ለእኔም አትነግረኝም። ልብስማ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ይሰጣል። ላፕቶፑን ግን ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን እኔ ገበያ ስወጣ በልጇ ስም ለዚያች ልጅ ሰጥታዋለች። ልጅቷ በሱ እስከተማረች፣ ተመርቃም በሽተኛ እስካከመች ድረስ አጅሩ ሳይቋረጥ ለልጇ ይደርሳል፤ እምነቷ ይህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ እንደሌለ እንዳላውቅባት ነበር የጮኸችብኝ። ክፍሉ ውስጥ ስታገኘኝ የፈራችውም ይህንኑ ነው። እንድትበላ፣ እንድታንጎራጉር ያደረጋትም ይኸው ነው፤ በየቀኑ ለልጇ የሚደርሰው ነገር። ያንን ነው እኔ በሁለት ቁልፍ የቆረጥኩት።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ። ሦስት ሳምንት ስሙን እየደበቅኋት እንደቆየሁ ስትሰማ ደሟ ከፍ ይላል ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። ምሳ አቀረብኩላት፤ ሳህኑን በጣቷ ገፋችው። ያንን የመግፋት አኳኋን አውቀዋለሁ፤ አራት ወር አይቼዋለሁ። የዙህር ሶላቷን ሰግዳ ስትጨርስ እንኳ እጇን ለዱዓ አላነሳችም፤ ምንጣፉ ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። እጇን ማንሳት አፍራ ነበር። ይህንን ማየት አልቻልኩም።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ረቢ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት። ዘበኛውን፣ ቁጥር ሰባትን፣ ጓደኛውን፣ ፓስወርዱን፣ ያንን በቆሎ እንዴት እንደደፋሁት፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። የቀኝ እጇን አንጓ ይዤ የደም ስሯን ትርታ እቆጥር ነበር፤ ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ።

«ሦስት ሳምንት» አለች በመጨረሻ። «ልጄ በየቀኑ በስሙ ሲጠይቅሽ ዝም አልሽው?»

«እሱ አይደለም እማ። ማሽኑ ነው። ልጅቷ ናት ከጎባ ስትመለስ የምትከፍተው።»

«እሱ እንዳልሆነማ አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። «አሮጊት ነኝ እንጂ ደደብ ነኝ? የቀበርኩት እኔ ነኝ። ስሙ ግን የማን ነው? የማን ስም ነው የመጣው?»

እጄን ከእጇ ላይ አነሳችና፣ «ተነሺ፣ ውሰጂላት» አለችኝ።

ላፕቶፑን በሻርፑ ጠቅልዬ በጓሮው በኩል ዞሬ ሄድኩ። ለልጅቷ አዲሱን ፓስወርድ በእጄ ጻፍኩላት። ማንም አልተቀየመሽም፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ ነው አልኳት። ካፈርኩት ሁሉ ይህኛው ቀለለኝ። ቤት ተመልሼ ያንን «ሁልጊዜ ከልክል» ያልኩትንም ከመዝገቡ ሰረዝኩ።

በማግስቱ እናቴ የዐስር ሶላቷን በጊዜ ሰግዳ መጣችና ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ደጅ ጉሙ አጥሩን ውጦታል። ልብሷን አስተካክላለች፤ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነበር የምትመስለው፤ እኔንም የሻሼን ጫፍ ሳበችና፣ «ሸፈን በዪ» አለችኝ።

አሥር ሰዓት ከሃያ ሲሆን ቲንግ አለ።

እናቴ ስሙን ለማየት ወደ ስክሪኑ ቀረበች። ትንፋሿን ስትይዝ ሰማኋት። ትደነግጣለች ብዬ የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ዞሬ ፊቷን አየሁት። አልደነገጠችም። ዓይኗ ሞልቷል፣ ከንፈሯ ግን እየሳቀ ነበር።

«ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«ልግባ ወይ ነው የሚለው።»

«እህ? ታዲያ ግባ አትዪውም?»

«እሺ እማ። ሁለት ዓይነት አለው። ሁልጊዜ ግባ ካልኩት ከእንግዲህ አይጠይቀንም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ለዛሬ ብቻ ካልኩት ነገም መጥቶ ይጠይቃል።»

ስሙ እዚያው ነው፤ ቶሎ ካልመለስንለት ሊጠፋ ነው። እናቴ እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«ለዛሬ ብቻ በዪው» አለች።

ለዛሬ ብቻ አልኩት።